ሥሩ አየር እንዲያገኝ፦ ትንሿን ሰኩለንት ወደ አዲስ ማሰሮ ማዛወር

ከችግኝ መሸጫ ያመጧት ትንሽ ሰኩለንት መስኮትዎ ላይ ከተቀመጠች ዓመት አለፋት እንበል። ስትመጣ ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው፣ ከላስቲክ ማሰሮዋ መሃል ክብ ብላ ተቀምጣ ነበር። አሁን ከማሰሮዋ ጠርዝ አልፋለች። ሲያጠጧት ውሃው ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በጎን በኩል ይወርዳል። ከታች ባለው ቀዳዳም ቀጭን ሥር ብቅ ብሏል። ማሰሮ የመቀየሪያ ጊዜዋ ደርሷል።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ያጣሁት በእነዚያ ቀናት ነው። ማሰሮዋን ቀይሬ እንደጨረስኩ፣ እንደ ጎመን ችግኝ ወዲያው ውሃ አጠጣኋት። በሳምንቱ የታችኞቹ ቅጠሎች ብርሃን የሚያሳልፉ ሆኑ፤ በጣቴ ስነካቸው ፈሰሱ። ከአፈሩ ሳወጣት ግንዷ እስከ አንገቷ ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዣለሁ። ማሰሮ የምንቀይረው ሥሩ አየር እንዲያገኝ ነው። የማሰሮው ስፋት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የመጀመሪያው ውሃ የሚጠጣበት ቀን፣ ሁሉም ከዚህ ይነሣል። ይህን ከያዙ የቀረውን በራስዎ ማሰብ ይችላሉ።

ሰኩለንት ምን ዓይነት ተክል ነው?

ሰኩለንት የሚባሉት በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች ናቸው። ስሙ የውጭ ቢሆንም ተክሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እሬት ሰኩለንት ነው። ቁልቋልም ሰኩለንት ነው። ቅጠለ ወፍራሙ እንዳሁላም እንዲሁ። በለስ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ አገራችንን የለመደ የካክተስ ዝርያ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ምሳሌ የምንይዛት ኢቼቬሪያን ነው። ቅጠሏ እንደ ጽጌረዳ የሚደራረበው፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫማ ሰማያዊ ሆና ጫፏ የሚቀላው እሷ ናት። የትውልድ አገሯ በአብዛኛው ሜክሲኮ ነው። ስሟንም ያገኘችው አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ከሚባል ሜክሲኳዊ የዕፅዋት ሠዓሊ ነው። ከእኛው እንዳሁላ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው።

ይህ ቤተሰብ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሌሎች ተክሎች ቀን ቀን በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍተው አየር ይስባሉ። በዚያው ልክ ውሃቸው ይተናል። ኢቼቬሪያ ግን ቀዳዳዎቿን በአብዛኛው ቀን ዘግታ ሌሊት፣ ቅዝቃዜ ሲሆን ትከፍታለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጠጣችውን ውሃ ለሳምንታት ታብቃቃዋለች።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ተክሏ ውሃውን ቶሎ ስለማትጨርሰው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሥር ደግሞ እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። ያንን አየር የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን ውሃ ሞልቶት ከቆየ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነውን ሥር ደግሞ ፈንገስና መሰሎቹ ያበሰብሱታል። በድርቅ ቅጠሏ ሲጨማደድ ውሃ ብትጠጣ ትመለሳለች። ግንዷ ሙሉ በሙሉ ከበሰበሰ ግን መመለሻ የላትም።

ጊዜዋ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ሦስት ምልክቶችን ይመልከቱ። ሥሩ ከታችኛው ቀዳዳ ወጥቷል? ውሃው ሳይሰርግ በጎን ይወርዳል? ተክሏ ከማሰሮው ሰፍታ ማሰሮውን ልትገለብጠው ደርሳለች? ከነዚህ አንዱ ካለ ይቀይሩ። ምንም ምልክት ባይኖርም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አፈሩን ማደስ ጥሩ ነው። አፈር በጊዜ ብዛት ይጠቀጠቃል፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተትም ይጠባል።

አንገቷ ረዝሞ፣ ቅጠሎቿ ተራርቀው ወደ መስኮቱ ካዘነበለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የብርሃን እጦት ነው። ማሰሮ መቀየሩ አያሳጥራትም፤ ብርሃን ወዳለበት ቦታ ያስጠጓት። አበባ ይዛ ከሆነ ደግሞ አበባው እስኪረግፍ ይታገሷት።

በየትኛው ወር ይሻላል?

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ቦታ ላይ ከሆኑ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐዩ ደምቋል፣ አፈር ቶሎ ይደርቃል። የካቲትና መጋቢትም ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴን ይተዉት። አየሩ እርጥብ ስለሆነ የተቆረጠ ሥር ቁስሉ አይደርቅለትም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሥር ቶሎ አይዝም። ሥሯ መበስበስ ከጀመረ ግን ወር አይመረጥም፤ ያኔውኑ ማውጣት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖሩ አመቺው ቀኑ እየረዘመ የሚሄድበት ጸደይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ የበጋው ሐሩር ሲበርድ ብታደርጉት ይሻላል።

ምን ዓይነት ማሰሮ ልያዝ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከታች ቀዳዳ አለው ወይ የሚለው ነው። ቀዳዳ ከሌለው የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንም።

ሁለተኛው ስፋቱ ነው። ከድሮው ማሰሮ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ። «ለነገ እንዲሆናት» ብሎ ትልቅ ማሰሮ መስጠት ለልጅ ሰፊ ጫማ እንደ መግዛት አይደለም። ትርፉ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ያን ውሃ የሚጠጣ ሥር ግን የለም። ጥልቀቱም ብዙ አይሁን፤ የኢቼቬሪያ ሥር ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ብዙ አይሄድም።

ሦስተኛው ከምን እንደተሠራ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ለጀማሪ ይመቻል። ሸክላ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ስላለው ውሃ በግድግዳው በኩልም ይተናል። ውሃ በእንስራ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ስለሚያቆይ በላስቲክ የተከሉ ሰው በውሃ መቆጠብ አለበት።

ቤት ውስጥ ያለውስ ዕቃ? እጀታው የወለቀ ሲኒ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ ሁሉም ይሆናል፤ ቀዳዳ ይውጣለት ብቻ። ቆርቆሮን በምስማር ከውስጥ ወደ ውጭ ይብሱት። ጀበናን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩና፣ መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተት ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ በግድግዳ መሰርሰሪያ ቀስ ብለው ይብሱት። ቸኩለው ከተጫኑት ይሰነጠቃል።

አፈሩን ከምን ላዘጋጅ?

የግቢ አፈር ብቻውን አይሆንም። በተለይ መረሬ፣ በአንዳንድ አካባቢ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ ለዚህ ሥራ አይመችም። ሲርስ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱም ጊዜ ሥሩን ይጎዳል።

ስለ ሰኩለንት የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች ፐርላይት ግዙ ይላሉ። ፐርላይት የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት እንደ ፈንዲሻ እንዲፈነዳ ተደርጎ ይሠራል። ጥቅሙ ቀላልና ባለ ብዙ ክፍተት መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራ ነገር በየግንባታው ቦታ ተቆልሎ ይታያል፤ ቀይ አሽ። ቀይ አሽ በቢሾፍቱ አካባቢና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች ከጥንት እሳተ ገሞራ ኮረብታዎች ይቆፈራል። አንዱን ፍሬ አንስተው ወደ ዓይንዎ ቢያስጠጉት እንደ እንጀራ ዓይን ብዙ ቀዳዳ ያያሉ። እነዚያ ቀዳዳዎች ትንሽ ውሃ ይይዛሉ፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አየር ያሳልፋል።

መጠኑ ከምስር እስከ ሽምብራ ፍሬ ያህል ይሁን። ትልልቁን ይልቀሙ፤ ብናኙን በወንፊት ይንፉ። የተረፈውን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡትና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ብናኙ ካልወጣ ክፍተቱን ደፍኖ ልፋትዎን ከንቱ ያደርገዋል። ቀይ አሽ ካጡ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይሆናል። ደቃቁን አሸዋ ግን ይተዉት፤ እሱም ይደፍናል።

ድብልቁ ቀላል ነው፤ ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ወይም ኮምፖስት። ትኩስ ፍግ አይጨምሩ፤ ሥር ያቃጥላል። ድብልቁን ለመፈተን አንድ እፍኝ ወስደው ያርጥቡትና ይጨብጡት። እጅዎን ሲከፍቱ ከፈረሰ ልክ ነው። እንደ በሶ ከተጨበጠ ቀይ አሽ ይጨምሩበት።

ከታች ጠጠር ማንጠፍስ?

ብዙ ሰው ውሃው እንዲወርድ ብሎ ከማሰሮው ሥር ጠጠር ወይም ገል ያነጥፋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን የታሰበው አይደለም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነክረው ቢያነሱት ውሃው ሁሉ አይወርድም፤ የታችኛው ጠርዝ እንደ ራሰ ይቀራል። አፈርም እንዲሁ ነው። ከአፈሩ ሥር ጠጠር ካለ ውሃው ወደ ጠጠሩ ቶሎ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ተይዞ ይቆያል። እርጥቡ ቦታ ወደ ሥሩ ቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ ማሰሮውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉት። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ ቁራጭ የመስኮት መረብ ወይም አንድ ገል ይበቃል።

ወደ ሥራው እንግባ

መጀመሪያ፣ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ውሃ ይከልክሏት። የደረቀ አፈር ከሥሩ ላይ በቀላሉ ይራገፋል። ቢቆስልም ደረቅ ቁስል ቶሎ አይበሰብስም።

ሁለተኛ፣ ጋዜጣ አንጥፈው ላስቲክ ማሰሮውን ዙሪያውን ጫን ጫን ያድርጉት። ከዚያ ዘንበል አድርገው ከታች ይግፏት። ከላይ በቅጠሏ አይጎትቷት። ቅጠሏ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ እሱ ከፀሐይ የሚጠብቃት ሰም ነው። በጣትዎ ከነኩት አሻራዎ እዚያው ይቀራል፤ በዚያ ቅጠል ላይም ተመልሶ እንደ ድሮው አይሆንም። ስለዚህ አንገቷ ሥር፣ ከአፈሩ ጋር ይያዟት።

ሦስተኛ፣ የድሮውን አፈር በጣትዎ እያሻሹ ያራግፉ። የተጠቀጠቀውን በስንጥር ይፈልቅቁት። ጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ቢበጠሱ አይደንግጡ፤ ይተካሉ።

አራተኛ፣ ሥሩን በብርሃን ይመርምሩ። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጠንከርም ይላል። የበሰበሰ ሥር ጥቁር ነው፤ ሲነኩት ይላላጣል፣ ይሸታል። እሱን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ጤነኛው ክፍል ድረስ ይቁረጡ። በሥሮቹ መካከል ጥጥ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ካዩ ተባይ ናቸው። ሥሩን በውሃ ይጠቡ፣ የድሮውን አፈር ይድፉ፣ ማሰሮውንም በሳሙና ይጠቡ።

አምስተኛ፣ ያስቀምጧትና ይጠብቁ። ተክሏን ያለ አፈር፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው አየር የሚነፍስበት ቦታ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያሳድሯት። ግንዷን ቆርጠው ከሆነ ሳምንት ይስጧት። ያለ አፈር ማሳደሩ ለብዙ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። እሷ ግን ስንቋን በቅጠሏ ይዛለች፤ አትጎዳም። በነዚህ ቀናት ቁስሉ ቅርፊት ያበጃል፤ መበስበስም በዚያ በኩል መግቢያ ያጣል።

ስድስተኛ፣ ይትከሏት። ቀዳዳው ላይ መረቡን አድርገው ማሰሮውን እስከ እኩሌታው በደረቁ ድብልቅ ይሙሉ። ተክሏን በአንድ እጅ መሃል ላይ ይያዙ፤ በሌላው እጅ በማንኪያ ዙሪያዋን ይሙሉ። የታችኞቹ ቅጠሎች ከአፈሩ ከፍ ይበሉ። ማሰሮውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉት፤ ድብልቁ በሥሮቹ መካከል ይገባል። በጣትዎ አይጠቅጥቁት። ከላይ አንድ ረድፍ ቀይ አሽ ብቻ ያልብሷት፤ ቅጠሎቿ እርጥብ አፈር ላይ እንዳይተኙ ነው።

የመጀመሪያውን ውሃ መቼ ላጠጣ?

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይተው። እኔ የመጀመሪያዋን ያጣሁት እዚህ ላይ ነውና ደግሜ እላለሁ፤ በተከሉበት ቀን አያጠጧት። ማሰሮ ውስጥ ሲያስገቧት የተላላጡ ጥቃቅን ቁስሎች አሉ፤ እነሱም ይድረቁ።

ቀኑ ሲደርስ ውሃው ከታች እስኪወርድ በደንብ ያጠጧት፤ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሎቹ መሃል አያፍስሱ። ከሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ይድፉ። ከዚያ በኋላ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አይመለሱባት። በየቀኑ ጠብታ ከማጠጣት፣ አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ይበልጣል።

መድረቁን በምን ያውቃሉ? ስንጥር እስከ ታች ሰክተው ያውጡ፤ አፈር ይዞ ከወጣ ገና ነው። ወይም ማሰሮውን ያንሡት፤ ካጠጡ በኋላ ያለውን ክብደት እጅዎ ከለመደ ልዩነቱን ይነግርዎታል። በአዲስ አበባ በበጋ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን፣ ቤት ውስጥ በክረምት ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ቶሎ ይደርቃል። ቀን ከመቁጠር አፈሩን ማየት ይበልጣል።

ፀሐይስ? አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ያቆዩአት። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ያስለምዷት። ማዳበሪያ ለሁለት ወር ያህል አያስፈልጋትም።

ይህ ሁሉ ምን ያስወጣል?

ከሚያስቡት ያነሰ ነው። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማሰሮ ግማሽ ሊትር ያህል ድብልቅ ይበቃዋል። ይህም በሻይ ብርጭቆ ቢሰፈር ሁለት ብርጭቆ ቀይ አሽና አንድ ብርጭቆ ብስባሽ ማለት ነው። ቀይ አሽ በመኪና ጭነት የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ለአንድ ማሰሮ መግዛት አያስፈልግዎትም። ግንባታ ካለበት ሰፈር የሥራውን ኃላፊ አስፈቅደው አንድ ፌስታል ቢወስዱ ለአሥር ማሰሮ ይተርፋል። ብስባሹን የግቢዎ ጥግ ላይ የቅጠልና የአትክልት ልጣጭ ክምር ካለ ከዚያ ያገኙታል፤ ከሌለም ችግኝ የሚሸጡት ይሸጣሉ። ስንጥር፣ ማንኪያና ጋዜጣ ከቤት አይጠፉም። ገንዘብ የሚያወጡበት ማሰሮው ብቻ ነው፤ እሱም ያረጀ ሲኒ ወይም ቆርቆሮ ከተገኘ ይቀራል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ጊዜው ነው። ከመትከሉ በፊት ሳምንት ያህል ማድረቅ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያለ አፈር ማሳደር፣ ከተከሉ በኋላ ሌላ ሳምንት ያለ ውሃ መጠበቅ አለ። በድምሩ ሁለት ሳምንት አካባቢ ይሆናል። እጅዎ የሚሠራው ግማሽ ሰዓት ሲሆን የቀረው ሁሉ አለመንካት ነው።

ሊገጥምዎት የሚችለው

የታችኛው ቅጠል ደርቆ እንደ ወረቀት ቢሆን ጤና ነው፤ ተክሏ ያረጀ ቅጠሏን ውሃ መጥጣ ትጥላለች። ቅጠሎቹ በሙሉ ቢጨማደዱ ሥሩ ገና አልያዘም፤ ትንሽ ይታገሱ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ አብጦ፣ ሲነኩት የሚፈስ ከሆነ ግን ውሃ በዝቷል፤ ወዲያውኑ አውጥተው ግንዱን ይመርምሩ።

በሥራው መሃል የወደቁትን ጤነኛ ቅጠሎች አይጣሉ። ከነመሠረታቸው የተነቀሉ ከሆኑ ለጥቂት ቀን ያድርቋቸውና ደረቅ ድብልቅ ላይ ያጋድሟቸው። በሳምንታት ውስጥ ከመሠረታቸው ሮዝ ክር የመሰለ ሥርና ምስር የምታህል ችግኝ ያወጣሉ። ለጎረቤት የሚሰጥ ስጦታ ይሆናሉ።

የሚያዛውሩት ቁልቋል ከሆነ ጓንት ያድርጉ፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። እንዳሁላን ደግሞ ከብትና ፍየል ከሚደርስበት ያርቁ፤ ከበሉት ይመርዛቸዋል።

ከተከሉ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ይሞክሩ። አንገቷን በሁለት ጣት ይያዙና በጣም በቀስታ ወደ ላይ ሳብ ያድርጓት። ከአፈሩ ተነቅላ የምትመጣ ከመሰለች ይልቀቋት፤ ቀን ይቀራታል። አልነቀልም ብላ ማሰሮው አብሯት ከተነሣ ግን ሥር ይዛለች። መሃሏን ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ከቅጠሎቹ ሁሉ ያነሰች፣ ገና ያልተዘረጋች አንዲት አዲስ ቅጠል ታያላችሁ፤ እርስዎም፣ እስከዚያ ድረስ «አላጠጣሃትም እንዴ?» ሲሉዎት የሰነበቱት የቤትዎ ሰዎችም።